የአዌቱን ድምፅ በመዘምራን ለመሥራት ስንሞክር «ሽሽሽ» ብቻ ሆነብን፤ ምን ይሻላል?

የአዌቱ ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ለጥር ወር ያለ መሣሪያ፣ በሰው ድምፅ ብቻ የሚቀርብ የ12 ደቂቃ ሥራ እያዘጋጀን ነው። መነሻው የጅማው አዌቱ ወንዝ ድንጋይ ላይ ሲወርድ የሚሰማው ድምፅና የቦዬ ረግረግ ጸጥታ ነው። ዘማሪዎቹ 22 ናቸው፤ 8 ሶፕራኖ፣ 7 አልቶ፣ 3 ቴነር፣ 4 ቤዝ። ግማሾቹ ኖታ አያነቡም።

ሦስት ነገር ላይ ተይዘናል። ሁሉም አንድ ላይ «ሽሽሽ» ሲሉ ጣቢያ ያጣ ሬዲዮ እንጂ ወንዝ አይመስልም። «ጠብ፣ ጠብ» እያሉ እንዲንጠባጠቡ ስናደርግ ደግሞ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም አንድ ምት ላይ ይገጥማሉ፤ ጭብጨባ ይሆናል። በስልክ የቀዳነውን አጥንተን ዜማ እናውጣ ብንል ከባጃጅና ከመኪና ጋር የተደባለቀ ጩኸት ብቻ ነው ያለው። ለመቅጃ የሚሆን ብዙ ገንዘብ የለም። አዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ ኮርኒስ የለውም።

የምታውቁ እባካችሁ አስረዱን። እህታችሁ ከጅማ።

ድምፅ ቀጂ

እህቴ፣ ከድምፁ ምንጭ እንነሳ፤ ሁለቱ የመጀመሪያ ችግሮችሽ ከዚያ ነው የሚፈቱት። ውሃ ድንጋይ ስለመታ ብቻ ያን ያህል አይጮህም። የምንሰማው አብዛኛው ድምፅ የሚወጣው ውሃው ሲገለባበጥ አየር ውጦ ከሚሠራቸው አረፋዎች ነው። አረፋው ውስጥ የታፈነው አየር እየተጨመቀና እየተለቀቀ እንደ ትንሽ ደወል ይርገበገባል፤ ወዲያው ደግሞ ይጠፋል። ስለዚህ ወንዝ በሺህ የሚቆጠሩ፣ እጅግ አጫጭር፣ ቅጥነትና ውፍረታቸው የተለያየ ኖታዎች ድምር ነው። እርስ በርስም አይጠባበቁም። ከሩቅ ሲሰማ ነው ተቀላቅሎ ሽውታ የሚመስለው። እናንተ የሩቁን ነው የቀዳችሁት።

የአረፋውን ኖታ የሚወስነው መጠኑ ነው። ሚናርት የተባለው የፊዚክስ ሊቅ በ1933 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቀመር መሠረት፣ በባሕር ጠረፍ 3.26ን በሜትር ለተለካው የአረፋ ሬዲየስ ስታካፍዪው ድግግሞሹን፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ፣ በኸርዝ ታገኛለሽ። ቀመሩ ውስጥ የአየር ግፊት ስላለ ግን ይህ ቁጥር ለጅማ እንዳለ አይወሰድም። ከተማዋ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚያ ከፍታ ግፊቱ የባሕር ጠረፉ 81 በመቶ ያህል ስለሆነ 3.26 ወደ 2.93 ይወርዳል። የአዌቱ አረፋ ጅቡቲ ላይ ካለው እኩያው አንድ ሙሉ ቶን ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይወፍራል ማለት ነው። ከውጭ አገር የተቀዳ የወንዝ ድምፅ አምጥታችሁ አታጥኑ የምለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

በዚሁ ስሌት ሬዲየሱ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ትልቅ አረፋ 293 ኸርዝ ይሰጣል፤ ከመካከለኛው ዶ ቀጥላ ያለችው ሬ ናት፣ አልቶ በቀላሉ ትደርስባታለች። 5 ሚሊሜትር ሲሆን 586 ኸርዝ፣ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለችው ሬ። 2 ሚሊሜትር 1,465፣ 1 ሚሊሜትር 2,930 ኸርዝ። የሶፕራኖ ጣሪያ 1,050 ገደማ ስለሆነ የወንዙ አብዛኛው ኖታ ከሰው ድምፅ በላይ ነው። ቅጂውን ስታዳምጪ ዜማ ያላገኘሽው ለዚህ ነው፤ ዜማው አለ፣ ግን ከፍ ብሎ፣ ፈጥኖ ያልፋል።

መፍትሔው ቅጂውን በአራት እጥፍ ማዝገም ነው። ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። 20 ሰከንድ ብቻ ቁረጪና ፍጥነቱን 0.25 አድርጊ። ቴምፖ ብቻ የሚቀይረውን ትእዛዝ አትንኪ፤ ኖታውም አብሮ መውረድ አለበት። 1,465 የነበረው 366 ይሆናል፣ ወደ ፋ ዲየዝ ቅርብ። በ80 ሰከንዱ ውስጥ ጎልተው የሚሰሙትን 10 ወይም 12 ኖታዎች በኪቦርድ እያገኘሽ ጻፊ። ስፔክትሮግራም (ድምፁን በሥዕል የሚያሳየውን) የምታዪ ከሆነ ዊንዶውን፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚለካውን የድምፅ ቁራጭ ርዝመት፣ ለኖታ 4096፣ የጠብታን መነሻ ለማየት 512 አድርጊው። አንዱ ሁለቱንም አያሳይም።

አቀዳዱ። ድልድይ ላይ አትቁሙ። ርቀትሽ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር የውሃው ድምፅ 6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ከ4 ሜትር ወደ 50 ሴንቲሜትር ብትጠጊ 18 ዴሲቤል አገኘሽ፣ የመኪናው ድምፅ ግን እንዳለ ነው። አንድ ድንጋይ ምረጪ፤ ውሃው ከጣት እስከ ስንዝር ቁመት የሚወድቅበት ይበቃል። ስልኩን በውሃው ላይ ሳይሆን በጎን ያዢው። በስልኩ ላይ አብሮ የመጣው የድምፅ መቅጃ ብዙ ጊዜ ጫጫታን ይቀንሳል፤ ለእሱ ደግሞ ውሃ ጫጫታ ነው፣ ያጠፋዋል። ያንን ማጥፋት የሚያስችል፣ በዌቭ 48 ኪሎኸርዝ የሚቀዳ መተግበሪያ ጫኑ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። ጊዜው ከንጋቱ 11:30 እስከ 12:30፤ የአዛንና የቅዳሴ ሰዓት አስቀድማችሁ ያዙ። ወሩ ኅዳር ይሁን። ክረምቱ ላይ ደራሽ ውሃው ሁሉንም ነገር አንድ ጉርምታ ያደርገዋል፤ ውሃው ሲቀጥን ነው አረፋው ለየብቻ የሚሰማው።

ከውሃው ውስጥ ለመስማት ደግሞ 27 ሚሊሜትር የሆነ ፒዞ ዲስክ ይበቃል፤ የሚጮሁ መጫወቻዎችና ማንቂያ ደወሎች ውስጥ ያለችው የነሐስ ሳንቲም የምትመስል ቁራጭ ናት። 3 ሜትር ሺልድ ያለው የማይክሮፎን ገመድ ውሰዱ፤ ዙሪያውን ያለውን ሽቦ ነሐሱ ላይ፣ መካከለኛውን ነጩ ሴራሚክ ላይ በሊድ በይዱ። ሴራሚኩ ላይ ካውያው ከ2 ሰከንድ በላይ ከቆየ ሽፋኑ ይላጣል፣ ዲስኩም ተበላሸ። ከዚያ ሁለቱንም ፊትና የገመዱን መግቢያ በኤፖክሲ ሁለት ጊዜ ሸፍኑ፤ ሁለተኛው የሚቀባው የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ነው። ወንዝ ከመውሰዳችሁ በፊት ባልዲ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ይቆይ። የማያቋርጥ «እእእ» የሚል የመብራት ድምፅ ከሰማችሁ ውሃ ገብቷል ወይም ሺልዱ ተቆርጧል።

የአዌቱ ዳር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፒዞውን ሞክረነው ነበር። የሚክሰሩ የማይክሮፎን መግቢያ ላይ ሲሰካ ግን እንደ ጣሳ ቀጭን ሆነ፣ ወፍራሙ ድምፅ የለም። ኤፖክሲው ነው?

ድምፅ ቀጂ

ኤፖክሲው አይደለም። ፒዞው 20 ናኖፋራድ ገደማ የሆነ ካፓሲተር ነው። የማይክሮፎን መግቢያው 10 ኪሎኦም ቢሆን እንኳ ሁለቱ ተገናኝተው ከ800 ኸርዝ በታች ያለውን ይቆርጡታል። መግቢያው 1 ሜጋኦም ሲሆን ግን መቁረጫው 8 ኸርዝ ላይ ይወርዳል። የጊታር መግቢያ ወይም በባትሪ የሚሠራ ዲአይ ቦክስ (መሣሪያን ከሚክሰር ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን) ይህንን ያሟላል፤ መዝሙር የሚቀርብበት ቤት ሁሉ አንዱ አይጠፋም። ሌላው፣ ዲስኩን ወራጁ ፊት አታድርጉት፤ ውሃው ራሱን ዲስኩን እየመታ «ዱፍ ዱፍ» ይላል። ከድንጋይ ጀርባ፣ ውሃው ከሚዞርበት አስቀምጡት።

ዜማ አሰልጣኝ

ስለ አረፋው የተባለው ትክክል ነው፤ ወደ ዘማሪው አፍ ላምጣው። እኛ ለዚህ ሥራ ታድለናል። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ ጉሮሮ ተዘግቶ የሚፈነዱ ፊደላት ናቸው፤ ከሳንባ ትንፋሽ አይወጣባቸውም። ጠብታ የሚመስሉት ለዚህ ነው፤ ደረቅና አጭር ናቸው፣ ከኋላቸው የሚከተል የአየር ጭራ የላቸውም። አፋን ኦሮሞ ደግሞ ዸን ይጨምርልናል። ዸ ማንቁርት ወደ ታች ሲወርድ አየርን ወደ ውስጥ የሚስብ ድምፅ ነው፤ ትልቅ አረፋ ከሥር ተነስቶ ሲፈነዳ ልክ እንዲህ ይላል። «ዹጉ» ራሱ መጠጣት ማለት አይደል? ጠብታ ማለት የሆነውን «ጮጳ»ንም አስቡት፤ ሁለቱም ፊደሉ ይፈነዳል። ጅማ ላይ አብዛኛው ዘማሪ ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚናገር ይህን ማስተማር አያስፈልግም፣ ማስታወስ ብቻ ነው።

ቋንቋው ውሃን በድምፁ የሚጠራባቸው ቃላት ሁሉ ለአፍ የተዘጋጁ ልምምዶች ናቸው። «ጠብ» አለ፤ ፍንዳታ፣ አጭር ድምፅ፣ ከንፈር መግጠም። «ቡልቅ» አለ፤ ከምንጭ ሥር ተነስቶ ቀ ላይ ይቆረጣል። «ኮለል» አለ፤ ለስላሳ፣ ሁለት ጊዜ የሚንከባለል። «ፏ» አለ፤ ከንፈር ከጠባብ ወደ ሰፊ ሲከፈት ድምፁ አብሮ ይሰፋል። ካናዳዊው አቀናባሪ ሬይመንድ መሬይ ሼፈር በ1971 እ.ኤ.አ. ለመዘምራን በጻፈው «ሚኒዋንካ» ውስጥ የሰሜን አሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ለውሃ የሚጠሯቸውን ቃላት ነው የተጠቀመው። የእኛ ቃላት ለዚህ የሚያንሱ አይደሉም።

አሁን ወደ ክፍፍሉ። «ሽ» የሚሉት 2 ሶፕራኖዎች ብቻ ይሁኑ። ሽ እና ስ ጉልበታቸው ከ2,000 ኸርዝ በላይ ስለሆነ ጥቂት ሰው ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል። ከ4 ወደ 8 ሰው ብታበዙት የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ የሚጠፋው ዝርዝር ግን ብዙ ነው። 2 ሶፕራኖ «ጠብ» እና «ጮጳ» ይያዙ። የቀሩት 4 ሶፕራኖና 4 አልቶ ከተዘገመው ቅጂ የወጡትን ኖታዎች በ«ኮ» እና በ«ሉ» ያድርጉ። 3 አልቶና 3 ቴነር «ቡልቅ» እና «ዹ»፣ ከመካከለኛዋ ሬ ወደ ታች። 4ቱ ቤዝ አፍ ገጥሞ በጣም ዝቅ ያለ «ም»፣ አድማጭ መኖሩን የሚያውቀው ሲጠፋ ብቻ እስኪሆን ድረስ።

ኖታ የያዙት ሰዎች የሚሳሳቱበት አንድ ቦታ አለ፤ ያስረዝሙታል። አረፋ አይዘምርም፣ ተመቶ ይጠፋል። እያንዳንዱ ኖታ ከአንድ የዓይን ጥቅሻ መብለጥ የለበትም። ቀጥ ብሎ ከቆመ ደግሞ እንጨት ይመስላል። አረፋ ወደ ውሃው ገጽ ሲቃረብ ድምፁ ትንሽ ይቀጥናል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ኖታ መጨረሻው ላይ ሽቅብ ይንሸራተት። አናባቢውን ከ«ኡ» ወደ «ኢ» ማስኬድ ብቻውን ግማሹን ሥራ ይሠራል። «ቡ» ብለው ወዲያው ወደ «ቢ» ሲያልፉ እርጥበቱ ይሰማል። ከልምምዱ ሁሉ አንዷን ብቻ ምረጡ ብትባሉ ይህችን ምረጡ።

አንድ ምት ላይ ስለ መግጠም፦ ሰው ከጎኑ የሚሰማውን ይከተላል፤ «አትከተሉ» ብሎ መንገር አይሠራም፣ የየራሳቸው ሌላ ነገር ስጧቸው። እያንዳንዱ የእጁን የደም ሥር ይዞ የልቡን ምት ይቁጠር። አንዱ በየ5፣ ሌላው በየ7፣ በየ11፣ በየ13 ምት አንድ ጠብታ ያውጣ። እነዚህ ቁጥሮች የጋራ አካፋይ የላቸውም። የልብ ምታቸው አንድ ቢሆን እንኳ አራቱ እንደገና አብረው የሚወድቁት ከ5,005 ምት በኋላ ነው፣ ከሥራው ርዝመት እጅግ አልፎ። ፊት ለፊት አይተያዩ። ጭንቅላት መነቅነቅና እግር መምታት ይከልከል። በየ90 ሰከንዱ ቁጥር ይለዋወጡ፣ አለዚያ ለምደው ሌላ ምት ይፈጥራሉ። አንቺም እጅሽን ለምት አታንሺ፤ እጅሽ የሚያሳየው ብዛትን ብቻ ነው፦ ወገብ ላይ ሲሆን በ13፣ ደረት ላይ በ7፣ ትከሻ ላይ በ3፣ ከራስ በላይ ሲሆን ሳይቆጥሩ እንደቻሉ። ድምሩ በሰከንድ 15 ወይም 20 ጠብታ ሲያልፍ ጆሮ መቁጠር ያቆማል፤ ያኔ ያለ ምንም «ሽ» ወንዙ ይመጣል።

አልቶ ከጂሬን

እኔም የምጠይቀው አለኝ። «ጠ» እና «ቀ» ሲደጋገም ጉሮሮ አይጎዳም? ደግሞ ኖታ የማያነቡት 12 ደቂቃውን በምን ይከተላሉ?

ዜማ አሰልጣኝ

ጉልበቱ ከምላስና ከከንፈር ከመጣ አይጎዳም፤ አንገት ላይ ጅማት ሲገተር ካየሽ አስቁሚ። 40 ሰከንድ ሠርተው 20 ሰከንድ ይረፉ፣ ውሃ አጠገባቸው ይኑር። እነዚህ ድምፆች ትንፋሽ ስለማይወስዱ ሰው መተንፈሱን ይረሳል፤ በየአምስተኛው ጠብታ ትንፋሽ እንዲስቡ አስለምዷቸው። «ሽ» የሚሉት ደግሞ ተቃራኒው ይደርስባቸዋል፤ አየሩን ቶሎ ቶሎ ስለሚያወጡ ያዞራቸዋል። ከ6 ሰከንድ አይበልጡ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ በዝግታ ይተንፍሱ።

ለማሟሟቂያ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ የመጠጫ ቱቦ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር አጥልቀው በቱቦው እያዜሙ ይንፉ፣ 3 ደቂቃ ይበቃል። ጉሮሮ ያላላል፤ እውነተኛውን አረፋም ከአፋቸው ሥር ይሰሙታል።

ለመከታተያ የፍሊፕ ቻርት ወረቀት በርዝመቱ ቀጥሉ። 1 ሴንቲሜትር 5 ሰከንድ ይሁን፤ 12 ደቂቃ 144 ሴንቲሜትር ነው። ለጠብታ ነጥብ፣ ለ«ኮለል» ጥምዝ መስመር፣ ለ«ዹ» ክብ፣ ለ«ሽ» የተጠላለፈ ጭረት፤ እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ቀለም። አንድ ሰው ሰዓት እያየ በዘንግ ያመልክት። ከ10 ሜትር የሚታይ እንዲሆን ነጥቡ የአተር ያህል አይሁን፣ የአንድ ብር ሳንቲም ያህል ይሁን።

ረግረግ ወዳጅ

በብዙው እስማማለሁ፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። የተዘገመውን ቅጂ ኖታ በኪቦርድ ማግኘቱ ኪቦርዱ ላይ ወዳሉት 12 ድምፆች ያጠጋጋዋል። አረፋ ኪቦርድ አያውቅም፤ በፋና በፋ ዲየዝ መካከል የወደቀው እዚያው መቅረት አለበት። ዘማሪዋ የተዘገመውን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች በቀጥታ ትቅዳው፤ ኖታ የማያነቡት ደግሞ በዚህ ከሚያነቡት ይሻላሉ። ኪቦርዱ ለማስታወሻ ብቻ ይሁን።

ስለ ቦዬ። የቆመ ውሃ አየር አይውጥም፣ ስለዚህ ድምፅ የለውም፤ እዚያ የሚሰማው እንቁራሪት፣ ነፍሳት፣ ወፍና በነፋስ የሚሻሸው ቄጤማ ነው። ጸጥታውን ሁሉም ዝም በማለት ልታመጡት ብትሞክሩ አድማጭ ያለቀ መስሎት ያጨበጭባል። ከላይ ወደ ታች አሳሱት። ሩቅ ያለ ውሃ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ስለዚህ በመጨረሻዎቹ 3 ደቂቃዎች መጀመሪያ «ሽ» ይውጣ፣ ከ40 ሰከንድ በኋላ «ጠብ»፣ ከዚያ «ኮለል»። አንድ ቴነር በ«ዹ» ብቻውን ይቅር፣ የቤዞቹ «ም» ከሥሩ እያለ። ቤዞቹ በመጨረሻ ያቁሙ፣ አንድ በአንድ፣ ትንፋሻቸው ባለቀ ጊዜ እንጂ በምልክት አይሁን።

ለመቅዳት ቦዬ ስትሄዱ ጉማሬ ያለበት ውሃ መሆኑን አትርሱ። ጉማሬ ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ንጋት ላይ ይመለሳል፤ በእሱና በውሃው መካከል መቆም ነው አደገኛው። ስለዚህ ለአዌቱ የተነገረው የንጋት ሰዓት ለቦዬ አይሆንም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሂዱ። አዌቱ ላይም ቦት ጫማና የጎማ ጓንት አድርጉ፤ የከተማ ፍሳሽ ይቀላቀለዋል፣ ቀንድ አውጣ ያለበት ዝግ ያለ ውሃ ደግሞ ቢልሃርዝያ ሊያስይዝ ይችላል። ከላይ አገር ከጠቆረ ወንዝ ውስጥ አትግቡ።

ድምፅ ቀጂ

የኪቦርዱን ነገር ተቀብያለሁ፤ የረግረግ ወዳጅ ያለው ይሻላል።

አዳራሹን ሳልመልስ ቀርቻለሁ። መካከሉ ላይ ቁሚና አንድ ጊዜ አጨብጭቢ። ጭራው ከአንድ ሰከንድ ተኩል በላይ ከቆየ «ጠብ» ይሟሟል፣ እንደገና ሽውታ ይሆንብሻል። «ጥርርር» የሚል ከሰማሽ ደግሞ ሁለት ትይዩ ግድግዳዎች ድምፁን እየተቀባበሉት ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መሸፈን ይበቃል። ወፍራም ብርድ ልብስ ከግድግዳው 10 ሴንቲሜትር አርቃችሁ ስቀሉ፤ ከተለጠፈ ጥቅሙ ይቀንሳል። ቀጭኑን ድምፅ በደንብ ይውጣል፣ ወፍራሙን ግን ብዙም አይነካም፤ ለእናንተ የሚያስፈልገውም ያው ነው። ባዶ አዳራሽ ላይ ከለካችሁ ሰው ሲሞላ ጭራው እንደሚያጥር አስቡ።

ማይክሮፎን አትጠቀሙ። 22ቱን በፈረስ ኮቴ ቅርጽ፣ በመካከላቸው አንድ ሜትር ተኩል እየተዉ አቁሟቸው፤ አድማጩ ከውስጥ ይቀመጥ። «ሽ» የሚሉት ሁለቱ ጎን ለጎን አይቁሙ፣ አንዷ አንድ ጫፍ፣ ሌላዋ ሌላው ጫፍ። ወንዙ እንዲፈስ ስትፈልጉ ከአንዱ ጫፍ ይጀምርና እያንዳንዱ የጎኑ ሰው ከጀመረ ከአንድ ትንፋሽ በኋላ ይግባ። ትንፋሹ 4 ሰከንድ ቢሆን ዙሪያውን ለመድረስ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈጃል። ይህንን ያለ ብርድ ልብስ አንድ ጊዜ፣ ከብርድ ልብስ ጋር አንድ ጊዜ ሞክሩና የ«ጠብ»ን መነሻ ከኋላ ወንበር ስሙት። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ከመጣ ልምምዱን ወደ መተንፈስና ወደ ቆጠራው አዙሩት፤ በዚያ ሰዓት ማንም ማንንም ስለማይሰማ የየራሱን ቁጥር ለመያዝ ጥሩ ጊዜ ነው።